ቁርቁራዋን የዳርን ዕለት

«እማማ፣ ድንጋዩን ካነሱበት ይመልሱ።»

«ያነሳሁት ከቤቴ ነው። ቤቴ ድረስ ልመልሰው?»

«የተያዘ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

መኪናዬን ጥላ ፈልጌ አቁሜ ወደ በሩ ስመጣ ነገሩ እዚህ ደርሶ ነበር። የአትክልት ቦታው ዘበኛ ናምጉንግ እግሮቹን አንፈራጦ መውጫውን ዘግቷል። ከፊቱ ጎረቤቴ እማማ ሃዶንግ ቆመዋል። ዳቦ የሚያህል ለስላሳ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። ቁመታቸው የናምጉንግን ደረት ቢደርስ ነው፤ አስተያየታቸው ግን ከላይ ወደ ታች ነው።

በሰውዬውም አይፈረድም። እማማ ቀድመውኝ ገብተው ነበር። ሲገቡ እሱ ደረጃው ላይ የተሰነቀረ የሕፃን ጋሪ ሲያነሳ አላያቸውም። ጥቂት እንደሄዱ ባርኔጣቸውን መኪናዬ ውስጥ መርሳታቸው ትዝ አላቸውና ተመለሱ። ያኔ አያቸው። ያየው እንግዲህ ድንጋይ ታቅፈው ሹልክ የሚሉ አሮጊት ነው።

የመድኃኒት ዕፅዋቱ የተተከሉባቸው እርከኖች በወንዝ ድንጋይ የተካቡ ናቸው። ጠፍጣፋ፣ ለስላሳ፣ በልኩ የከበደ፤ ለኪምቺ፣ በበርበሬ ለምናኮመጥጠው ጎመን፣ ማሰሮ መጫኛ ተብሎ የተጠረበ ነው የሚመስለው። ማሰሮ ውስጥ የገባ ጎመን ከላይ ካልተጫነው ይነሳል፣ ከተነሳ ይበላሻል። ስለዚህ በእኛ ከተማ ያለች ሴት እንዲያ ያለ ድንጋይ ካየች ልቧ አይቆምላትም። ካቡ በየመከሩ ይሳሳል፣ ናምጉንግም በየመከሩ ይወቀሳል።

«ጎመን ገና አልተዘራም እኮ!» አለ ናምጉንግ። «ዘንድሮ ምን አስቸኮላችሁ?»

«እኔ ጎመን አልኩህ?»

«ታዲያ ከቤቱ ድንጋይ ይዞ አትክልት ሊያይ የሚመጣ ማነው?»

እኔም ነገር ላበርድ ብዬ ገባሁበት። «ናምጉንግ፣ እሱ ድንጋይ አይደለም፤ ሙሽራ ነው።»

ባልናገር ይሻል ነበር። «አንተ ደግሞ!» ብሎ ዞረብኝ። «የለጠፍክልኝ ጎማ ሳምንት ሳይቆይ ተነፈሰ፣ አሁን ልትቀልድብኝ መጣህ?»

«የቦራም አባት፣ አፍህን ያዝ» አሉኝ እማማም። ቦራም ልጄ ናት። ይህን አጠራር ሲጠቀሙ፣ ልጅ ያለው ሰው እንዴት እንዲህ ይቀላል ማለታቸው ነው። ከዚያ ጨርቁን ገለጥ አድርገው ድንጋዩን ወደ ናምጉንግ አፍንጫ አስጠጉት።

«አሽተው።»

«ምኑን?»

«አሽተው አልኩህ! ዘበኛ አይደለህም እንዴ?»

አሸተተው። ነጭ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ የጨው ዓሣው፣ ስንት ክረምት ማሰሮ ውስጥ ተኝቶ የጠጣው ሁሉ አንድ ላይ መጣበት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ድንጋዩን እጃቸው ላይ እንዳለ ጨርቁን መልሶ አለበሰላቸው።

«ይሄስ የቤት ነው» አለ። «የእናቴን ጓዳ ነው የሚሸተው።»

«እንግዲህ ተግባባን። እያስገባሁ እንጂ እያወጣሁ አይደለም።»

«ማስገባት የሚከለክል ደንብ የለም» አለና ከበሩ ዘወር አለ። «ይታሰባል ብሎ የጠረጠረም ሰው የለም።»

እማማ ሃዶንግ የሚባሉት ሃዶንግ ከሚባል አገር ተድረው ስለመጡ ነው። እኛ ዘንድ ያገባች ሴት በመጣችበት አገር ትጠራለች፤ የራሷ ስም ሣጥን ይገባል። የእሳቸውን ስም የሰማሁት ጤና ጣቢያ አጅቤያቸው ሄጄ ነርሷ ስትጣራ ነው። እሳቸው እንኳ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ተቀምጠው ነበር።

ድንጋዩን ይዘው የመጡት ለአንዲት ቁርቁራ ነው። ቁርቁራዋ ዕድሜዋን ሙሉ የቆመችው እማማ ግቢ ውስጥ፣ ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ነበር። አዲሱ መንገድ በግቢው ላይ ሲያልፍ ቤቱ ፈረሰ። እማማ እኔ ወዳለሁበት ፎቅ መጡ፤ ቁርቁራዋ ደግሞ የድሮ ግቢ ዛፎች ወደሚሰበሰቡበት ወደዚህ አትክልት ቦታ ተወሰደች። ሥሯን ከነአፈሩ በገለባ ገመድ ጠቅልለው፣ በክሬን ብድግ አድርገው፣ ፖሊስ ከፊት ከፊት መንገድ እያስለቀቀላት ነው የሄደችው። «እኔን በአንተ ጭነት መኪና፣ ከፍራሽ ጋር» ይሉኛል እማማ እስከ ዛሬ።

ከመጣች ወዲህ ግን አንዲት ፍሬ አልያዘችም። ታብባለች፣ አበባዋ ይረግፋል፣ በቃ። በዚህ ፀደይ የፍራፍሬ ዛፎቹ ኃላፊ ወይዘሪት ፒዮ እማማን አስቀምጣ፣ ሻይ አቅርባ፣ ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። በመጪው መከር ካላፈራች ትነቀላለች፤ በቦታዋ ወጣት ችግኝ ይገባል። ቦታው ጠባብ ነው፣ ከላይ ያሉትም ፍሬ የማይታይበት ዛፍ ለምን ይቆማል ብለዋል። እማማ «ገባኝ» ብለው ሻያቸውን ጨርሰው ተነሱ። መኪና ውስጥ ሲገቡ «ዘንድሮ ዳኖ መቼ ይውላል?» ብለው ጠየቁኝ።

ዳኖ በጨረቃ አቆጣጠር የአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን ነው፤ ቁርቁራ የሚዳርበት ቀን። ቀትር ላይ፣ ቅርንጫፎቿ በሚለያዩበት ባላ ላይ ድንጋይ ይሸጎጥላታል። ድንጋዩ ባሏ ነው። የተዳረች ቁርቁራ ትወልዳለች ይባላል። የድሮ ሰው ያምንበታል፣ የዛሬ ልጆች ይስቁበታል፣ እኔ ድንጋዩን የምሸከመው ነኝ።

ቀትር እስኪሆን ጊዜ ነበረን፤ ቀስ እያልን ገባን። እኔ ትምህርቴ ጎማ ላይ ያለውን ቁጥር ለማንበብ የሚበቃ ነው፤ ስለዚህ የዛፎቹን ሳይንስ አልጽፍም። የማውቀው እዚያ ስገባ የሚሰማኝን ነው፤ ቤተ መቅደስ የገባሁ ያህል እጄን ከኪሴ አወጣለሁ። የፒር ዛፎቹን ብቻ ተመልከቱ። ግድግዳ ላይ እጆቻቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ፍሬዎቻቸው ገና የአውራ ጣት ጫፍ ሳያክሉ እያንዳንዷ የወረቀት ከረጢት ለብሳለች፣ ነፍሳት እንዳይነካት፣ ፀሐይ እንዳያሻክራት። አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ያን ሁሉ ሕፃን በየተራ አልብሷል ማለት ነው። እኔ አንዲት ልጄን ካልሲ ሳለብስ ነው ትዕግሥቴ የሚያልቀው።

ከፒሮቹ አልፎ አንድ የፕሪም ዛፍ አለ። አንዱ ክንዱ ቀይ ያፈራል፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ጥቁር ሊባል ምንም ያልቀረው ወይን ጠጅ። ሁሉንም በአንድ ግንድ ላይ አዳቅለዋቸው ነው።

«የሦስት ሚስት ቤት» አልኩ።

«ግን ጩኸት የለበትም» አሉ እማማ። ግንዱን ዞረው አዩት። ማዳቀያው ጋ ጠባሳው እንደ ቁርጭምጭሚት አብጧል፤ እዚያ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ። «እጅ ነው ይሄ!» አሉ ደጋግመው። «የማን እጅ ይሆን? እጅ ነው!»

እርከኖቹ ጋ ስንደርስ ሽታው ከሰው በፊት ተቀበለን። በዳኖ ቀን የተለቀመ አሪቲ ከሁሉ ይበልጣል ስለሚባል፣ ለበዓሉ አንድ ረድፍ ለሕዝብ ተፈቅዶ ሴቶች አጎንብሰው ይለቅማሉ። ሥሩ ጣፋጭ የሆነው አለ፣ አበባው ሳል የሚያበርደው አለ። አንዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ለጉልበት ሕመም» ይላል።

«ይሄ? ይሄንንማ ከልጅነቴ ጀምሮ በልቼዋለሁ።»

«ታዲያ ጉልበትዎ?»

«እኔ በልቼዋለሁ። ጉልበቴ አልሰማም።»

ከእርከኖቹ ግርጌ በትልቅ የእንጨት ገንዳ የጸጉር ውሃ ቀርቧል። ኩሬ ዳር የሚበቅለው ረዥሙ ባለ መዓዛ ሳር የተቀቀለበት ነው፤ በዳኖ ቀን ሴቶች ጸጉራቸውን ይታጠቡበታል፣ ጸጉር ያበዛል ይባላል። ሰልፉ ረዥም ነበር። እማማ ተሰልፈው ተራቸው ሲደርስ ጨርቁን ፈቱና ድንጋዩን ገንዳው ውስጥ ከተቱት።

«እንዴ እማማ!» አለች ከኋላ ያለች ሴት። «ጸጉራችንን የምንታጠብበት ነው!»

«እሱም ሙሽራ ነው። እንዲህ እየሸተተ ይገባባታል እንዴ?»

ሴትዮዋ አንዴ ድንጋዩን፣ አንዴ እኔን አየች። እኔ ራሰ በራ ነኝ። ወደ ዛፎቹ ዞርኩ። እማማ በበኩላቸው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አገላብጠው አሹት፣ ጀርባውን ጭምር። ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ ሳቀችና «ከጆሮው ኋላ ቀርቶታል» አለች።

ቁርቁራዋ ብቻዋን፣ በዝቅተኛ የእንጨት አጥር ውስጥ ቆማለች። ቁርቁራ ከዛፍ ሁሉ ዘግይታ ነው የምታቆጠቁጠው፤ ሌላው አብቦ ረግፎ እሷ ገና ደረቅ እንጨት ናት። ስለዚህ የመኳንንት ዛፍ ይሏታል፣ ሠራተኛው ሁሉ ከተነሳ በኋላ ስለምትነቃ። አሁን ግን ነቅታለች። ቅጠሏ በዘይት የተወለወለ ይመስላል፤ በየቅጠሉ ሥር ሰናፍጭ የሚያካክሉ ቢጫ አረንጓዴ ኮከቦች ተሰክተዋል። አበባ መሆናቸውን የሚነግርህ ዓይንህ ሳይሆን ንቡ ነው። ግንዷ እንደ አሮጌ ገመድ ተጠማዟል። ስንት ንፋስ እንዳለፈባት የሚያውቅ የለም። አሁንም ጥላዋ ሥር ስትገባ አየሩ የማር ነው። እንዲህ ያለችውን ይነቅላሉ? አልኩ በልቤ።

«ምን ትጠብቃለህ? አጥሩን ተሻገር እንጂ!»

ተሻገርኩ። ድንጋዩን አንስቼ ባላው ላይ አስቀመጥኩት፤ ተንሸራተተ። አዙሬ በጎኑ ሞከርኩ፣ ወጣ።

«ጠበቅ አድርገው። እንግዳ እኮ አይደለም፣ ባል ነው።»

«እንቢ ካለስ?»

«እንቢ ያለው እሱ ሳይሆን የአንተ ክንድ ነው። ጎማ የምትፈታው እንደዚህ እየለመንክ ነው?»

ትከሻዬን ሰጥቼ ገፋሁት፤ ቅርፊቱን ጫር አድርጎ ገባ። ከኋላዬ «ጋሼ! ኧረ ጋሼ ይተዉት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወይዘሪት ፒዮ ጓንቷን እንዳጠለቀች እየሮጠች ነው፤ ናምጉንግም ከኋላዋ ይከተላል። እሱ እንደሚለው ሥርዓት ለማስከበር፣ እኔ እንደሚመስለኝ ሠርግ እንዳያመልጠው።

«ያውጡት እባክዎ» አለችኝ።

«ልማዱን አታውቂውም ልጄ?» አሉ እማማ።

«አውቀዋለሁ እማማ። እኔም የማደርገው እሱኑ ነው። እዚያ ማዶ ያሉትን ወጣቶቹን ቅርፊታቸውን ዙሪያውን በቀጭኑ እልጥላቸዋለሁ። ቅጠል የሚሠራው ምግብ ወደ ሥር መውረዱን ትቶ ለአበባው ይቀራል። የእርስዎም ድንጋይ ሥራው ያው ነው፣ አንቆ ይይዛል።»

«እንግዲያ አንቺም ትድሪያለሽ።»

«ወጣቶቹን እድራለሁ። እሷ ግን አርጅታለች፣ ከተተከለችም ወዲህ ሥሯ ገና በደንብ አልያዘም። ምግቡን ከላይ ካስቀረንባት ሥሯ ይራባል። ፍሬ እናገኛለን ስንል ዛፏን ብናጣስ?»

እማማ አጥሩን ይዘው ጉልበታቸውን አጠፍ ዘርጋ አደረጉ። ከዚያ «ካላፈራች ትነቀላለች ብለሽኛል» አሉ።

«ብያለሁ።»

«ካፈራች ደግሞ ልትሞት ትችላለች።»

«ትችላለች።»

«አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?»

ወይዘሪት ፒዮ ጓንቷን አወለቀች።

«እኔ ወደዚያ ቤት ስገባ» አሉ እማማ፣ «ቶሎ አልወለድኩም። አማቴ በየዳኖው ለዚህች ድንጋይ ትሸጉጥና ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል ‹ያላፈራ ወደመጣበት ይመለሳል› ትላለች። ዛፍ ወዴት ይመለሳል? ለማን እንደምትናገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በመጨረሻ ወደ ወንድሜ ሰው ተላከና ሊወስደኝ መጣ። ጓዜ ተቋጥሯል። ባለቤቴ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ ጫማውን ያያል።»

«ከዚያስ?» አለ ናምጉንግ።

«ከዚያማ ይቺ በዚያ ዓመት ቅርንጫፏ እስኪገነጠል አፍርታ ነበር። መሬቱ ሁሉ ቀይ ነው። ለቃሚ ጠፋ። አማቴ ቁርቁራዋን አየች፣ እኔን አየች፣ ‹እንግዲህ ለቀማው እስኪያልቅ ትቆይ› አለች። ወንድሜን ቁርቁራ አሸክመው መለሱት። ለቀማው ሳያልቅ አረገዝኩ።»

ማንም አልሳቀም። ናምጉንግ ኮፍያውን አወለቀ፣ ለምን እንዳወለቀው ግራ ገብቶት መልሶ አደረገው። ወይዘሪት ፒዮ አጥሩን ተሻገረችና ወደ ባላው ተንጠራርታ ድንጋዩ የተጫነበትን ቅርፊት በጣቷ ጫፍ ዳሰሰች፣ ወደ ላይ ወደ አበባው አየች፣ ወደ ሥሩ አየች። እንደ ሐኪም ነበር የምታያት፤ ደግሞም እንደ ዘመድ። ያቺን ልጅ ያኔ ነው ይበልጥ ያከበርኳት።

«ጨርቁን ይስጡኝ» አለች። ድንጋዩን አላቀቅን፤ እሷ ጨርቁን አጥፋ ባላው ላይ አነጠፈች። «ቅርፊቱን እንዳይነካ ከሥሩ ጨርቅ ይኖራል። ደግሞ ብዙ አይጠብቅም። አበባው ፍሬ እንደያዘ እኔ ራሴ አወርደዋለሁ።»

«ባል ለአንድ ወር ብቻ?»

«ፈቃድ ወጥቶ የመጣ ወታደር ነው ብለው ያስቡት እማማ» አልኩ።

«ወታደርስ ቢሆን ላላ ያለ ባል ምን ይሠራል? እኔ አይቼዋለሁ፣ ጫማውን ነው የሚያየው።»

«በመጠኑ ይጠብቃል» አለች ወይዘሪት ፒዮ፣ ከንፈሯን ነክሳ። «ጋሼ፣ ይግፉት። በቃ! በቃ፣ እዚያ ላይ።»

ልክ ቀትር ሆነ። እማማ ከቦርሳቸው የሩዝ ጠላ አውጥተው ሥሯ ላይ ዙሪያውን አንጠባጠቡ። ከዚያ ጉልበታቸው የፈቀደውን ያህል ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት። ናምጉንግ ከእሳቸው ይበልጥ ጎነበሰ። ገንዳው ጋ ያገኘናት ሴት ጸጉሯ እየተንጠባጠበ መጥታ አጥሩ አጠገብ ቆማለች፤ አሪቲ የገባበት አረንጓዴ የሩዝ ቂጣ በሳህን ይዛ ለሁላችን አደለች። ንቦቹ ሥራቸውን አላቋረጡም። ፀሐይ በቅጠሎቹ መሀል እየገባች ድንጋዩ ላይ አረፈች። ታጥቦ ሳየው፣ ሙሽራው መልከ መልካም ነበር።

ሁላችንም ቂጣችንን እያኘክን ወደ ላይ ስናይ ወይዘሪት ፒዮ ወደ እማማ ጠጋ አለች።

«እማማ፣ እንዳላታልልዎ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይሄ ሁሉ ሆኖም በመከር ባዶዋን ልትገኝ ትችላለች። ያኔ አለቆቼ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ምን ላድርጋት?»

እማማ ጥርሳቸው ላይ የተጣበቀውን ቂጣ በምላሳቸው ፈልገው አነሱ፣ ዋጡ።

«እሷን ምን ታደርጊያታለሽ?» አሉ። «ባልየውን ቀይሪላት እንጂ።»